ማንን ፈርተው ጻፉት?

ስለ አዲስ ነፃ አገሮችና ስለ ሕገ መንግሥታቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። እዚህ ጋ ክፍት ወንበሮች ይታዩኛል። ተቀመጡ፣ ነገሩ ረዘም ይላል።

የተሰጠኝ ርዕስ የፖለቲካ ሐሳቦች አዲስ ነፃ የወጡ አገሮችን ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚቀርጹ የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው። እኔ በአንዲት ጥያቄ ላጥብበው። ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ማንን ፈርተው ነው የጻፉት? ምን ይፈልጉ እንደነበር መግቢያው ላይ በሚያምር ቃል ይነግሩናል። የፈሩትን ግን አይነግሩንም። እሱን ከአንቀጾቹ ውስጥ ራሳችን ፈልገን ማግኘት አለብን።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ ፍርሃት፣ ሁለተኛ ስለ አንድነት፣ ሦስተኛ ጠረጴዛው ዙሪያ ስለተቀመጡት ሰዎች። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

በአንድ ልጅ ልጀምር።

ልጁ ሕንድ ውስጥ ይማራል። ከሌሎቹ ልጆች ጋር አይቀመጥም። የሚቀመጥበት የራሱ የጆንያ ቁራጭ አለው። ውሃ ሲጠማው ቧንቧውን በእጁ መክፈት አይችልም፤ ያረክሳሉ ተብለው «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ነውና። የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ሲከፍትለት ብቻ ይጠጣል። ተላላኪው በሌለበት ቀን ውሃ የለም። በቃ፣ ተጠምቶ ይውላል።

ያ ልጅ ቢምራኦ አምቤድካር ነው። ይህን ታሪክ ራሳቸው ናቸው ኋላ የጻፉት። ሕንድ በ1947 ነፃ በወጣች በሁለት ሳምንቷ የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ እንዲመሩ የተመረጡት እኚሁ ሰው ናቸው። አንቀጽ 17ን ፈልጋችሁ አንብቡት። አጭር ነው። «የማይነኩ» ብሎ ሰውን ማግለል ተሽሯል፣ በማንኛውም መልኩ መፈጸሙ ክልክል ነው፣ የፈጸመ በሕግ ይቀጣል ይላል። እስቲ ልጠይቃችሁ። ቧንቧ ፊት ቆሞ ተጠምቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ በዚህ ድፍረት ይጽፈው ነበር?

ልብ በሉልኝ፣ አምቤድካር በዋናነት የፈሩት እንግሊዝን አይደለም። እንግሊዝ ሄዷል። የፈሩት ጎረቤትን ነው። የገዛ አገራቸውን ማኅበራዊ ሥርዓት ነው የፈሩት።

ሕገ መንግሥቱን በሚያጸድቀው ጉባኤ ውስጥ ሌላ ሐሳብም ነበር። የጋንዲ ተከታዮች ሕገ መንግሥቱ ከመንደር ይጀምር ይሉ ነበር። መንደሩ ራሱን ያስተዳድር፣ ሥልጣን ከታች ወደ ላይ ይውጣ አሉ። የሚያምር ሐሳብ ነው፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ይማርከኝ ነበር። አምቤድካር ግን በ1948 ኖቬምበር ላይ ጉባኤው ፊት ቆመው መንደርን የድንቁርናና የጠባብነት ዋሻ አሏት። ብዙዎች ተቆጡ። መንደር ለአንዱ የሰላም ጎጆ ነው፤ ለሌላው ውሃ የተከለከለበት ቦታ ነው። በመጨረሻ የሕገ መንግሥቱ መሠረት መንደሩ ሳይሆን ግለሰቡ ሆነ። የመንደር ምክር ቤት አንቀጽ 40 ላይ ገባ፤ ፍርድ ቤት ሊያስፈጽማቸው ከማይችሉት ድንጋጌዎች መካከል ማለት ነው። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ጠንካራ ቦታ ያገኘው በ1992 በወጣው ማሻሻያ ነው።

አያችሁ? «ግለሰብ» እና «ማኅበረሰብ» የሚሉ ቃላት መጽሐፍ ውስጥ ሲነበቡ ደረቅ ናቸው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን የውሃ ጉዳይ ነበሩ።

ሄይቲንም ተመልከቱ። በባርነት የነበሩ ሰዎች የፈረንሳይን ጦር አሸንፈው በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ። በ1805 የአገሪቱ መሪ ዴሳሊን ሕገ መንግሥት አወጡ። ባርነት ለዘላለም ተሽሯል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ የቀለም ልዩነት ሁሉ ይቅር፣ ሄይቲያውያን በሙሉ ከአሁን በኋላ «ጥቁር» ተብለው ይጠሩ ይላል። በሙሉ! ዜግነት ያገኙት ጀርመኖችና ፖላንዶች ጭምር ናቸው። ጥቁርነት የቆዳ ቀለም መሆኑ ቀረና የዜግነት ስም ሆነ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ደፋር አንቀጽ አላነበብኩም። የመጣው ግን ከፍርሃት ነው። ነጭ ጌታ ተመልሶ እንዳይመጣ፣ ጥቁሩና ክልሱም እርስ በርስ እንዳይበላሉ ከመፍራት ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ የተማሪዎች ማኅበራችን ደንብ እንዲያረቅቁ ከተመረጡት አምስት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ከእኛ በፊት የነበረው ሊቀመንበር የማኅበሩን ገንዘብ ማንንም ሳይጠይቅ አውጥቶ ነበር። ተቃጥለናል። ስለዚህ ማታ ማታ እየተሰበሰብን ደንብ ጻፍን። አንድም ሳንቲም ያለ አምስታችን ፊርማ አይወጣም አልን። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም። ሌባውን በወረቀት አሰርነው ብለን ነበር።

ጥቂት ወራት አለፉ። በእረፍት ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛችን ታመመ። መድኃኒት ያስፈልገዋል። ማኅበሩ ገንዘብ አለው። ፈራሚዎቹ ግን ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሦስቱ ቤተሰብ ጋ ሄደዋል። ደረሰኝ ደብተሩን ይዘን አልጋው አጠገብ ቆምን። አራት ጊዜ ያህል ደንቡን አገላበጥነው። መውጫ የለውም። በመጨረሻ ከየኪሳችን አዋጣን፤ ከየክፍሉም ለመንን። ልጁ ዳነ። እኔ ግን የዚያን ማታ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሌባውን ስናስብ የታመመውን ረስተነዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኛ ነበርን።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከእኛ በኋላ የተመረጡት ልጆች በደንባችን ተማረሩ። ቀደው ጣሉትና ሥልጣኑን ሁሉ ለሊቀመንበሩ መልሰው ሰጡ። ፍርሃት ፍርሃትን ወለደ። በአገር ደረጃም እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ጣጣው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር፤ ወደ አንድነት።

ነፃነት ታጋዮችን የሚያያይዛቸው ክር አንድነት ነው። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ትግል፣ አንድ ድምፅ። ያለዚህ ቅኝ ገዢን ማስወጣት አይቻልም ነበር። ጥያቄው ከማግስቱ ነው የሚጀምረው። ትግሉ ሲያልቅ ይህ ሐሳብ ወዴት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይገባል።

ኢንዶኔዥያን ላሳያችሁ። 1945 ነው። የጃፓን ወረራ ሊያበቃ ነው። አርቃቂዎቹ ተሰብስበው ይከራከራሉ። ሱፖሞ የሚባሉ የሕግ ሊቅ ተነሱና መንግሥትና ሕዝብ አንድ ቤተሰብ ናቸው አሉ። በቤተሰብ ውስጥ ልጅ በአባቱ ላይ መብት አይቆጥርም። ስለዚህ ግለሰብን ከመንግሥት የሚጠብቅ የመብት ዝርዝር አያስፈልገንም፤ ያ የምዕራባውያን የግለኝነት ሐሳብ ነው አሉ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሱካርኖም ደገፏቸው። ቃሉ እንዴት እንደሚጥም አያችሁ? ቤተሰብ! ማን ቤተሰብን ይቃወማል?

አንድ ሰው ግን ተጨነቁ፤ ሞሐመድ ሃታ። ሃታ ግለኛ አልነበሩም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቀንቃኝ ነበሩ። ነገር ግን የምንመሠርተው መንግሥት ነገ የጉልበት መንግሥት ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። ቢያንስ የመናገር፣ የመሰብሰብና የመደራጀት መብት ይጻፍ አሉ። ተደራደሩ። አንቀጽ 28 ተጻፈ። እሱም ምን አለ? እነዚህ ነገሮች በሕግ ይወሰናሉ አለ። መብቱን አልሰጠም፤ ወደፊት በሚወጣ ሕግ ላይ ጣለው።

እዚያው አገር፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌላ ነገር ተከሰተ። ጁን ላይ በተስማሙበት መግቢያ ውስጥ ሙስሊሞች ሸሪዓን የመፈጸም ግዴታ አለባቸው የሚል ሐረግ ነበር። በቋንቋቸው ሰባት ቃላት ነው። ነፃነት በታወጀበት ቀን፣ ኦገስት 17 ምሽት ላይ፣ ሃታ መልእክት ደረሳቸው። በምሥራቅ ያሉት ክርስቲያኖች በዚህ ሐረግ ከሪፐብሊኩ ጋር አይቆዩም የሚል። በማግስቱ ጠዋት፣ ስብሰባው ሳይጀመር፣ ሃታ የሙስሊም መሪዎቹን ለብቻ አነጋገሩ። ሃታ ኋላ እንደተናገሩት ንግግሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሰባቱ ቃላት ወጡ።

ስለዚያች ሩብ ሰዓት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እነዚያ መሪዎች የሚያምኑበትን ነገር ነው የለቀቁት። በመንፈሳቸው ቀላል አልነበረም። ተከታዮቻቸውም ለዓመታት ሲቆጩ ኖረዋል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት አንድነት አየን ማለት ነው። የሱፖሞ አንድነት ሌላውን ዝም በል ይላል። የዚያን ጠዋቱ አንድነት ደግሞ አንተ እንድትቆይ እኔ ይህን ልተው ይላል። ሁለቱም እዚያችው ሰነድ ውስጥ ገቡ፣ በዚያችው ክረምት!

ቀጥሎ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጊዜያዊ ተብሎ የተጻፈው የ1945ቱ ሰነድ መሃል ላይ ተቀይሮ ነበር። ቋሚውን እንዲጽፍ የተመረጠ ጉባኤም ከ1956 ጀምሮ ይሠራ ነበር። በ1959 ሱካርኖ ጉባኤውን በአዋጅ በተኑትና የ1945ቱን ሰነድ መለሱት። ከእሳቸው በኋላ ሱሃርቶ እስከ 1998 ድረስ በዚያው ሰነድ ገዙ። ሃታ ከሱካርኖ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ቀድመው፣ በ1956፣ ከምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው ለቀዋል። የሰብዓዊ መብት ምዕራፍ በሙሉ ክብሩ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው በ2000 ነው። ሃታ ከጠየቁት 55 ዓመት በኋላ!

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ታጋዮቹ ለሕዝብ ብለው እስር ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው። እነሱን ማመን ካልቻልን ማንን እንመን? ፍርድ ቤት ከእነሱ ይበልጣል?» አለኝ። ጥያቄው ከልብ ነበር። አባቱ ታጋይ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። የዳንኳን ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጄ. ቢ. ዳንኳ በጋና የነፃነት እንቅስቃሴ ከቀደሙት አንዱ ናቸው። ጠበቃ ናቸው። በ1948 እንግሊዞች ስድስት መሪዎችን ሲያስሩ ዳንኳም፣ ኋላ የጋና የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ክዋሜ ንክሩማህም አብረው ታስረዋል። መንገዳቸው ኋላ ተለያየ። ጋና በ1957 ነፃ ወጣች። በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1960 የሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ጸደቀ።

ያ ሕገ መንግሥት ግሩም ነገር አለው። ለአፍሪካ አንድነት ሲባል ፓርላማው የጋናን ሉዓላዊነት በከፊልም በሙሉም አሳልፎ መስጠት ይችላል ይላል። አስቡት! ሉዓላዊነቷን ካገኘች ሦስት ዓመቷ ነው። ገና ሳትጠግበው ለአህጉሩ እሰጣለሁ ትላለች። ይህ የሚያስለቅስ ትልቅነት ነው። እዚያው ሰነድ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የአገር ጥቅም ይጠይቃል ባሉ ጊዜ በራሳቸው መመሪያ ሕግ ማውጣት ይችላሉ ተብሎ ተጽፏል።

ንክሩማህ ክፉ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። በጭራሽ። የፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። አሻንቲ በሚባለው የጋና ግዛት ውስጥ ፌዴራል ካልሆነ የሚል ጠንካራ እንቅስቃሴ ነበር፣ ደም ፈሷል። አገሪቱ ገና ሳትቆም እንዳትሰነጠቅ ፈሩ። ነገር ግን ፍርሃቱን ለመቆጣጠር ያነሱት መሣሪያ ቅኝ ገዢው የተጠቀመበትን ዓይነት ነው፤ ያለ ፍርድ እስር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በ1961 ለታሳሪዎቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርበው የተከራከሩት ዳንኳ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲይዙ ስለ ነፃነትና ስለ ፍትሕ ቃል ገብተዋል፣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል አሉ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ያ ቃል የሞራል ግዴታ ነው እንጂ በፍርድ ቤት የሚጠየቁበት መብት አይደለም አለ። ዳንኳ ተረቱ። በዚያው ዓመት ራሳቸው ታሰሩ። ተፈቱ። በ1964 እንደገና ታሰሩ። ጋና በዚያ ዓመት የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች፤ በሕዝበ ውሳኔው ከመቶ 99 በላይ ድጋፍ ተገኘ ተባለ። ዳንኳ በፌብሩዋሪ 1965 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከዓመት በኋላ ወታደሮች ንክሩማህን ከሥልጣን አወረዷቸው።

ለዚያ ተማሪ ይህን ስነግረው ምንም አላለም። ሌላ ቀን መጥቶ «ሁለቱም ታጋዮች ነበሩ ማለት ነው» አለኝ። አዎ። ነገሩ እዚያ ላይ ነው። አሳሪውም ታሳሪውም ለነፃነት የታሰሩ ሰዎች ነበሩ።

አምቤድካር ይህን ቀድመው አይተውታል። ኖቬምበር 25፣ 1949፣ ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሃይማኖት ፍጹም መገዛት ለነፍስ መዳኛ ሊሆን ይችላል፣ በፖለቲካ ግን ጀግናን ማምለክ ወደ አምባገነንነት የሚወስድ መንገድ ነው ብለው ነበር። ጋንዲን በሚያመልክ አገር ላይ ቆመው እንዲህ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ስለ ታንዛኒያ ባጭሩ። የአገሪቱ መሪ ኔሬሬ የመብት ድንጋጌ አልፈልግም ብለዋል፤ ዳኞቹ በአብዛኛው የቅኝ ገዢው ሰዎች ናቸው፣ ልማቱን ያደናቅፉብናል ብለው ፈሩ። በ1965 አንድ ፓርቲ ብቻ ሆነ። ግን በዚያው ፓርቲ ውስጥ እጩዎችን አወዳደሩ፤ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ወንበራቸውን አጡ። ለዘብ ያለ ነበር። ቢሆንም የመብት ድንጋጌው የገባው በ1984 ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ጠረጴዛው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እፈጥናለሁ።

ናሚቢያ በ1989 የሕገ መንግሥት ጉባኤ መረጠች። ለነፃነት የታገለው ድርጅት ስዋፖ ከ72 ወንበር 41 አገኘ። አሸንፏል። ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ ግን ሁለት ሦስተኛ፣ 48 ያስፈልጋል። ሰባት ወንበር ጎደለው። በእኔ እምነት እነዚያ ሰባት ወንበሮች ለናሚቢያ በረከት ነበሩ። ታጋዩ ድርጅት ለብቻው መጻፍ አልቻለም። ጠላቶቹ ከነበሩት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ግድ ሆነበት። ሰነዱ በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 1990፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የሞት ቅጣት ቀረ። የመብት ምዕራፉን የሚቀንስ ማሻሻያ ማድረግ አይቻልም ተባለ። የተናገርኩትን ፍርሃት እዚህም ታዩታላችሁ፤ አሁን ግን ሁሉም ወገን ፍርሃቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

ንጹሕ ታሪክ ነው አልልም። ፓርቲው ኋላ ሁለት ሦስተኛውን አገኘ። በ1998 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ለሦስተኛ ጊዜ እንዲወዳደሩ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ሰባቱ ወንበሮች ሲገኙ ምን እንደሚመጣ አያችሁ?

ኤርትራ ደግሞ ከነፃነቷ በኋላ ለዓመታት ሕዝብ አወያይታ በ1997 ሕገ መንግሥት አጸደቀች። ሰነዱ ሥራ ላይ አልዋለም። የተወያዩበት ሰዎች ልጆች ወልደው፣ ልጆቹም አድገዋል። ወረቀቱ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ልብ ይሰብራል።

ደቡብ ሱዳን በጁላይ 9፣ 2011 ነፃ ስትወጣ በሽግግር ሕገ መንግሥት ጀመረች። ሲጻፍ ገዢው ንቅናቄ ነበር ጎልቶ የተቀመጠው። የሚፈራው ጠላት ሰሜን ነበር፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ጠንካራ ይሁኑ ተባለ። ቀውስ ሲፈጠር የተመረጠ የክልል አስተዳዳሪን እስከማንሳት ድረስ ሥልጣን ተሰጣቸው። አንድ ቤት ውስጥ ያሉት ወንድማማቾች ቢጣሉስ ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ድምፅ ሚዛን አልደፋም። በ2013 ጁላይ ምክትል ፕሬዚዳንቱና ካቢኔው በሙሉ ተነሱ። ዲሴምበር ላይ ጦርነት ሆነ።

የደቡብ ሱዳን ቋሚ ሕገ መንግሥት ገና አልተጻፈም። በ2018ቱ የሰላም ስምምነት ይጻፋል ተብሏል። የሚጽፉት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ምናልባት ከመካከላቸው አንዷ ቧንቧ ፊት ቆማ የተጠማች ልጅ ናት። ያች ልጅ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ታገኝ ይሆን? እኔ ማታ ማታ የማስበው ይህን ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክራፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ፤ ቅድም ቆመው ከነበሩት ልጆች እጅ ሲወጣ አይቻለሁ።